የአሮጌ ባለ ሙሉ ሰስፔንሽን ብስክሌት መለዋወጫ

የአሮጌ ባለ ሙሉ ሰስፔንሽን ብስክሌት መለዋወጫ የሚባሉት በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለተሠሩ፣ ከፊትም ከኋላም ሞላ ወይም የአየር አሞርዛተር ላላቸው የተራራ ብስክሌቶች የሚያገለግሉ ምትክ ክፍሎች ናቸው። እነዚህ ብስክሌቶች በተሠሩበት ዘመን አምራቾች የጋራ መለኪያ አልነበራቸውም። ስለዚህ ከአንዱ ብስክሌት የተፈታ ክፍል በሌላው ላይ ላይገጥም ይችላል፤ የገጠመ ቢመስልም እንኳ ቴላዮውን ሊሰብር ወይም ፍሬኑን ከሥራ ውጭ ሊያደርግ ይችላል።

ጉዳዩ እንደ ደብረ ታቦርና አካባቢው ባሉ ደጋ ቦታዎች የተለየ ክብደት አለው። ቁልቁለቱ ረጅም ነው፤ የብስክሌት መለዋወጫ ብቻ የሚሸጥ ትልቅ መደብርም በቅርብ አይገኝም። አንድ አሮጌ ብስክሌት ሊጠገን መቻሉ ከብስክሌቱ ስም ይልቅ የተበላሸው ክፍል በየትኛው መለኪያ እንደተሠራ ይወሰናል።

የክፍሎች አጠራር

በኢትዮጵያ የጥገና ሙያ ውስጥ የሚነገሩት አብዛኞቹ ስሞች ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ካቴና (ሰንሰለት)፣ ፍሬን፣ ቸርኬ (የጎማ ቀለበት)፣ ኩሽኔታ፣ ሞላ፣ ብሎን፣ ዳዶ፣ ሮንደላ፣ ፖምፓና ቶርኖ ለዚህ ምሳሌ ናቸው። በዚህ መጣጥፍ ቴላዮ የብስክሌቱ አጽም፣ ፎርኬላ የፊት ጎማን የሚይዘው ሹካ፣ አሞርዛተር የኋላውን ንዝረት የሚውጠው ክፍል፣ ሞዞ የጎማው ማእከል፣ ቦኮላ ደግሞ በብሎንና በቀዳዳ መካከል የሚገባ ቀለበት ነው። እነዚህ ስሞች ለመኪናና ለሞተር ብስክሌት ክፍሎችም ስለሚያገለግሉ ብስክሌት በማይሸጥበት ሱቅ እንኳ ተፈላጊውን ዕቃ ለማስረዳት ይጠቅማሉ።

አጭር ታሪክ

የተራራ ብስክሌት በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ተጀመረ። በ1989 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ሮክሾክስ የተባለ ኩባንያ ባለ አሞርዛተር ፎርኬላን ለገበያ አስፋፋ። ወዲያው ከኋላም ሞላ ያላቸው ብስክሌቶች በብዛት መውጣት ጀመሩ። ለምሳሌ ትሬክ በ1995 እ.ኤ.አ. የ«ዋይ» ቅርጽ ያለው ቴላዮ አቀረበ። ካነንዴል፣ ጂቲ፣ ስፔሻላይዝድና ፕሮፍሌክስም የየራሳቸውን ንድፍ ይዘው ተወዳደሩ። የተራራ ብስክሌት ውድድር በ1996 እ.ኤ.አ. በአትላንታ ኦሎምፒክ መካተቱ ገበያውን ይበልጥ አነቃቃው።

ውድድሩ ብዙ አዳዲስ ሐሳቦችን አስገኘ። በሌላ በኩል አምራቾቹ ለሁለትና ለሦስት ዓመት ብቻ የሠሯቸውን ልዩ ማያያዣዎችና መገጣጠሚያዎች ትተው አለፉ። የዛሬው የመለዋወጫ ችግር በአብዛኛው የመጣው ከዚህ ነው።

ሦስቱ የክፍል ምድቦች

የአሮጌ ብስክሌት ክፍሎችን በሦስት መድቦ ማየት ግዢውን ቀላል ያደርጋል።

1. የኢንዱስትሪ መለኪያ ያላቸው፦ ኩሽኔታ፣ ብሎን፣ ዳዶ፣ ጎሚኒ፣ የፍሬን ዘይት። እነዚህ ለብስክሌት ብቻ የተሠሩ ስላልሆኑ የሞተር ብስክሌት፣ የባጃጅና የመኪና መለዋወጫ በሚሸጥበት ቦታ ይገኛሉ።

2. የብስክሌት የጋራ መለኪያ ያላቸው፦ ጎማ፣ የውስጥ ጎማ፣ ካቴና፣ የኋላ ጥርሶች፣ ፔዳል፣ የፍሬን ጫማና ሽቦ። ልኩ ከታወቀ ከአዲስ ርካሽ ብስክሌት ወይም ከሌላ አሮጌ ብስክሌት ሊወሰዱ ይችላሉ።

3. የአምራቹ ብቻ የሆኑ፦ የኋላ ማያያዣ ክንዶች፣ የማርሽ ቀያሪው ማንጠልጠያ፣ የአንዳንድ አሞርዛተሮች መያዣ፣ ልዩ ፎርኬላዎች። ከእነዚህ ጥቂቶቹን ቶርኖ ቤት ማሠራት ይቻላል። ሌሎቹ የሚገኙት ከተመሳሳይ ሞዴል ብቻ ነው።

ጉድለቱ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ምድቦች ያለ ብስክሌት ሊጠገን ይችላል። በሦስተኛው ምድብ የተሰበረ ክፍል ያለው ብስክሌት ግን ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ሳይነዳ ሊቀር ይችላል።

የኋላ አሞርዛተር

አሞርዛተር የሚለየው በሁለት ቁጥሮች ነው። አንደኛው ከአንዱ ብሎን ቀዳዳ መሃል እስከ ሌላው ቀዳዳ መሃል ያለው ርዝመት ነው። ሁለተኛው አሞርዛተሩ ሙሉ በሙሉ ሲጨመቅ የሚያጥረው ርቀት ወይም ምት ነው። በአሮጌ ብስክሌቶች የተለመዱት ልኮች በኢንች የተነደፉ ናቸው፦

- 165 × 38 ሚ.ሜ. (6.5 × 1.5 ኢንች)
- 190 × 50 ሚ.ሜ. (7.5 × 2 ኢንች)
- 200 × 57 ሚ.ሜ. (7.875 × 2.25 ኢንች)
- 216 × 63 ሚ.ሜ. (8.5 × 2.5 ኢንች)

ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ የወጡት «ሜትሪክ» የሚባሉ አሞርዛተሮች፣ ለምሳሌ 210 × 50 ወይም 230 × 60 ሚ.ሜ.፣ ከእነዚህ ይለያሉ።

ርዝመቱ ትክክል ሆኖ ምቱ ከበለጠ አደጋ አለ። የኋላ ጎማው 100 ሚ.ሜ. የሚንቀሳቀስበት ብስክሌት 38 ሚ.ሜ. ምት ያለው አሞርዛተር ቢኖረው ብዜቱ 100 ÷ 38 = 2.6 ገደማ ነው። በቦታው 50 ሚ.ሜ. ምት ያለው ቢገባ ጎማው 130 ሚ.ሜ. ያህል ለመንቀሳቀስ ይሞክራል። ቴላዮው ለዚህ ስላልተነደፈ ጎማው ከመቀመጫው ቱቦ ጋር ሊጋጭ፣ ማያያዣውም ሊሰነጠቅ ይችላል።

የሞላ ጥንካሬ በዚሁ ስሌት ይገኛል። በኋላ ጎማ ላይ 50 ኪ.ግ. (490 ኒውተን) ቢያርፍ አሞርዛተሩ የሚሸከመው 490 × 2.6 = 1,274 ኒውተን ነው። ነጂው ሲቀመጥ አሞርዛተሩ ከምቱ 30 በመቶ ያህል፣ ማለትም 11.4 ሚ.ሜ. መውረድ አለበት ከተባለ፣ ተፈላጊው ጥንካሬ በአንድ ሚሊ ሜትር 112 ኒውተን ገደማ ይሆናል። በሞላው ላይ የሚጻፈው ቁጥር ብዙውን ጊዜ በፓውንድ በኢንች ነው። አንድ ፓውንድ በኢንች 0.175 ኒውተን በሚሊ ሜትር ስለሆነ ውጤቱ 640 አካባቢ ነው፤ በገበያ የሚቀርበው 650 የተጻፈበት ሞላ ነው።

የአየር አሞርዛተር ቀላል ነው፤ ክብደቱ ለተለያየ ሰው የሚስተካከለውም በአየር ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ልዩ የእጅ ፖምፓ ይፈልጋል። ቫልቮላው ከመኪና ጎማ ቫልቮላ ጋር አንድ ዓይነት ቢሆንም፣ የሚያስፈልገው ግፊት ብዙ ጊዜ ከ120 እስከ 200 ፒኤስአይ ይደርሳል። የተለመደ የጎማ ቤት ኮምፕሬሰር ከ8 እስከ 10 ባር (ከ115 እስከ 145 ፒኤስአይ) ብቻ ይሰጣል። በተጨማሪም አሞርዛተሩ የሚይዘው አየር ጥቂት ስለሆነ ቱቦው ሲነቀል የሚያመልጠው እንኳ ግፊቱን በእጅጉ ይቀንሰዋል። በዚህ ምክንያት ልዩ ፖምፓና ምትክ ጎሚኒ ለማግኘት በሚያስቸግርበት ቦታ ባለ ሞላ አሞርዛተር የተሻለ ምርጫ ነው።

የአየር አሞርዛተር ከመፈታቱ በፊት አየሩ ሙሉ በሙሉ መውጣት አለበት። በብዙ አሞርዛተሮች ውስጥ ከዋናው አየር የተለየ፣ በከፍተኛ ግፊት ናይትሮጅን የተሞላ ክፍል አለ። ይህን ክፍል ያለ ተገቢው መሣሪያ መክፈት ክፍሎቹን እንደ ጥይት ሊወረውር ስለሚችል በተራ ጋራዥ አይሞከርም።

የመገጣጠሚያ ኩሽኔታና ቦኮላ

የኋላ ክንዶች የሚታጠፉባቸው መገጣጠሚያዎች በኩሽኔታ ወይም በቦኮላ ይዞራሉ። ብስክሌቱ ሲነዳ ከኋላ የሚሰማው መንገዳገድና የሲጥሲጥታ ድምፅ በአብዛኛው የእነዚህ ማለቅ ምልክት ነው።

ኩሽኔታ በጎኑ ላይ በተጻፈው ቁጥር ይገዛል። የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች የውስጥ ቀዳዳውን ያመለክታሉ፦ 00 ማለት 10፣ 01 ማለት 12፣ 02 ማለት 15፣ 03 ማለት 17 ሚ.ሜ. ነው። ከ04 ጀምሮ ቁጥሩ በ5 ይባዛል። ይህ ደንብ ባለ አራት አኃዝ ለሆኑት እንጂ እንደ 608 ላሉት ትንንሾች አይሠራም። በብስክሌት ላይ በብዛት የሚታዩት የሚከተሉት ናቸው (የውስጥ ስፋት × የውጭ ስፋት × ውፍረት በሚ.ሜ.)፦

- 608፦ 8 × 22 × 7
- 6000፦ 10 × 26 × 8
- 6001፦ 12 × 28 × 8
- 6900፦ 10 × 22 × 6
- 6901፦ 12 × 24 × 6
- 6902፦ 15 × 28 × 7

608፣ 6000 እና 6001 በኤሌክትሪክ ሞተሮችና በልዩ ልዩ ማሽኖች ውስጥም ስለሚያገለግሉ በቀላሉ ይገኛሉ። በ69 የሚጀምሩት ስስ ስለሆኑ እንደ እነዚህ አይበዙም። ከቁጥሩ ቀጥሎ «2አርኤስ» የሚል ጽሑፍ በሁለቱም ጎን የጎማ መከለያ መኖሩን ያሳያል፤ ለበጋ አቧራና ለክረምት ጭቃ የሚስማማው ይኸው ዓይነት ነው። የመገጣጠሚያ ኩሽኔታ ጥቂት ዲግሪ ብቻ ወዲያና ወዲህ ስለሚል በፍጥነት ከመዞር ይልቅ የሚያበላሸው ውሃና ዝገት ነው።

ቁጥሩ ከጠፋ ሦስቱ ልኮች በካሊፐር ይለካሉ። ቦኮላና በብሎን ዙሪያ የሚገባ ቀለበት ደግሞ ከነሐስ ወይም ከጠንካራ ፕላስቲክ በቶርኖ ሊሠራ ይችላል። ለቶርኖ ባለሙያው ያለቀውን ክፍል ብቻ መስጠት ትክክለኛ ልክ አይሰጥም፤ የሚገባበት ቀዳዳና የሚያልፍበት ብሎን አብረው መለካት አለባቸው።

ፎርኬላ

ፎርኬላ ሲቀየር መጀመሪያ የሚታየው በቴላዮው ራስ ውስጥ የሚያልፈው ቱቦ ነው። የቀደሙት 1 ኢንች (25.4 ሚ.ሜ.) ነበሩ። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. 1⅛ ኢንች (28.6 ሚ.ሜ.) የተለመደ ሆነ። በዚያው ዘመን 1¼ ኢንች (31.8 ሚ.ሜ.) ያላቸውም ነበሩ። ከታች 1½ ኢንች ሆኖ ወደ ላይ የሚቀጥነው የዘመኑ ቱቦ ወደ አሮጌ ቴላዮ አይገባም።

ሁለተኛው ርዝመት ነው። ከበፊቱ በጣም የረዘመ ፎርኬላ የብስክሌቱን ፊት ያነሣል፤ በቴላዮው ራስ ላይ የሚያርፈውን ኃይልም ይጨምራል። ሦስተኛው የውስጡ ሁኔታ ነው። በ1990ዎቹ ብዙ ፎርኬላዎች በሞላ ፈንታ የላስቲክ ዘንግ ነበራቸው። ይህ ላስቲክ በዕድሜ ይደርቃል ወይም ይፈረካከሳል። በዘይት የሚሠሩት ግን የሞተር ብስክሌት ፎርኬላ ዘይት ሊቀበሉ ይችላሉ፤ ብዙዎቹ የሚፈልጉት ከ5 እስከ 10 ደብልዩ ያለውን ነው።

ጎማና ቸርኬ

«26 ኢንች» ተብሎ የሚሸጥ ጎማ ሁሉ አንድ አይደለም። አስተማማኙ ቁጥር በጎማው ጎን ላይ ከሰረዝ በኋላ በሚሊ ሜትር የሚጻፈው ነው።

- 559፦ የአሮጌ ተራራ ብስክሌት 26 ኢንች (ለምሳሌ 50-559)
- 590፦ 26 × 1⅜ ተብሎ የሚጻፈው የከተማ ብስክሌት ጎማ
- 584፦ 27.5 ኢንች
- 622፦ 29 ኢንችና የአስፋልት ብስክሌት 28 ኢንች
- 635፦ 28 × 1½ የሆነው የባለ ኮርቻ የጭነት ብስክሌት

590 በ559 ቸርኬ ላይ በጣም ይሰፋል። 584 ያለው ጎማ ከነቸርኬው ቢገባ እንኳ በዙሪያው 12.5 ሚ.ሜ. ስለሚበልጥ አሞርዛተሩ ሲጨመቅ ቴላዮውን ሊነካ ይችላል፤ የቸርኬ ፍሬን ጫማም ቦታውን ይስታል።

የኋላ ሞዞው ስፋት በአብዛኞቹ የ1990ዎቹ ብስክሌቶች 135 ሚ.ሜ.፣ የፊቱ 100 ሚ.ሜ. ነው። በኋላ የመጡት 142 እና 148 ሚ.ሜ. ሞዞዎች ወፍራም ዘንግ ስላላቸው በቀጥታ አይገጥሙም።

ማርሽና ካቴና

የኋላ ጥርሶች በሁለት መንገድ ይታሰራሉ። በርካሽ ብስክሌቶች ጥርሶቹ ከነማዞሪያቸው በሞዞው ላይ በብሎን ጥርስ ይጠመዘዛሉ። በተሻሉት ደግሞ ካሴት የሚባለው የጥርስ ስብስብ በማዞሪያው ላይ ተንሸራቶ ይገባል። ሁለቱ አይለዋወጡም። የሺማኖ ባለ 8 እና ባለ 9 ካሴት በአንድ ዓይነት ማዞሪያ ላይ ይገባሉ፤ ባለ 7 ካሴትም 4.5 ሚ.ሜ. ቀለበት ከኋላው ቢጨመር እዚያው ይገባል።

ባለ 6፣ ባለ 7 እና ባለ 8 ማርሽ በአንድ ካቴና ይሠራሉ፤ ባለ 9 ግን ቀጭን ካቴና ይፈልጋል። መቀየሪያውና ማርሽ ቀያሪው የአንድ ሥርዓት መሆን አለባቸው። የሺማኖና የስራም ሥርዓቶች ሽቦውን የሚስቡበት መጠን ስለሚለያይ፣ ተቀላቅለው ከተገጠሙ ማርሹ በቦታው አይቀመጥም።

የፔዳል ዘንጉ የሚገባበት ቀዳዳ በብዙዎቹ 68 ወይም 73 ሚ.ሜ. ስፋት ያለው የእንግሊዝ ጥርስ ነው። በቀኝ በኩል ያለው ክፍል የሚፈታው በሰዓት አቅጣጫ ነው፤ ይህን ሳያውቁ በኃይል ማዞር የቴላዮውን ጥርስ ያበላሻል።

ማርሽ ቀያሪው የሚንጠለጠልበት ትንሽ አሉሚኒየም ቅርጹ ከብስክሌት ብስክሌት ይለያል። የቀያሪው ብሎን ቀዳዳ ግን 10 × 1 ሚ.ሜ. ሆኖ በጣም የተለመደ ነው። ስለዚህ አሮጌው ለናሙና ከተገኘ ጥሩ ብረት ቤት ሊቀርጸው ይችላል።

ፍሬን

ከደብረ ታቦር (2,706 ሜትር ገደማ) ወደ ፎገራ ሜዳ፣ ወደ ወረታ፣ የሚወርድ ብስክሌተኛ 900 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ነጂውና ብስክሌቱ 85 ኪ.ግ. ቢመዝኑ በዚህ ቁልቁለት ከ700 ኪሎ ጁል በላይ ኃይል በፍሬንና በአየር ግጭት መጥፋት አለበት። የቸርኬ ፍሬን ለረጅም ጊዜ ሳይለቀቅ ከተያዘ ቸርኬው ይግላል፤ የውስጥ ጎማውም ሊፈነዳ ይችላል።

ከ1996 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተስፋፋው ቪ-ፍሬን ከቀድሞው የበለጠ ሽቦ የሚስብ የእጅ መያዣ ይፈልጋል። መያዣው የአሮጌው ዓይነት ከሆነ ጫማው ቸርኬውን በበቂ ሁኔታ ላይነካ ይችላል። የቪ-ፍሬን ጫማ በአዳዲስ ርካሽ ብስክሌቶችም ስላለ በቀላሉ ይገኛል። ጭቃና አሸዋ ቸርኬውን ስለሚበሉት ግን ጎኑ በጣት ሲዳሰስ ጎድጉዶ ከተገኘ መቀየር አለበት።

በዘይት የሚሠራ የዲስክ ፍሬን ሁለት ዓይነት ዘይት ይጠቀማል። የሄይስ፣ የአቪድና የሆፕ አሮጌ ፍሬኖች በዶት 4 ይሠራሉ፤ ይህ የመኪና መለዋወጫ በሚሸጥበት ሁሉ ይገኛል። የሺማኖና የማጉራ ፍሬኖች የሚፈልጉት ማዕድናዊ ዘይት ነው። አንዱን በሌላው ቦታ መጨመር ጎሚኒውን ያብጣል ወይም ያቀልጣል፤ ፍሬኑ በድንገት ሥራ ሊያቆም ይችላል።

የደቡብ ጎንደር ሁኔታ

ደብረ ታቦር የደቡብ ጎንደር ዞን ዋና ከተማ ሲሆን ከባሕር ዳር 100 ኪ.ሜ. ያህል ይርቃል። ከከተማው በስተ ምሥራቅ የጉና ተራራ ከ4,100 ሜትር በላይ ይደርሳል። በጣና ዳር ባለችው ሜዳማዋ ባሕር ዳር ብስክሌት ለረጅም ጊዜ የተለመደ መጓጓዣ ነው፤ በደጋው ግን አቀበቱ ቀላል ማርሽና አስተማማኝ ፍሬን ይጠይቃል። በዚህ ምክንያት ባሕር ዳር ውስጥ የሚበቃ አሮጌ ብስክሌት ለደብረ ታቦር ላይበቃ ይችላል።

በደብረ ታቦር ከፍታ የአየር ግፊት ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በ28 ኪሎ ፓስካል (4 ፒኤስአይ) ገደማ ያንሳል። በቆላ የተሞላ ጎማ ወይም አሞርዛተር ወደ ደጋ ሲወጣ በመለኪያ ላይ የሚታየው ለውጥ ከዚህ ስለማይበልጥ አሞርዛተሩን አይጎዳውም። የሌሊቱ ቅዝቃዜ ግን የፎርኬላ ዘይትን ስለሚያወፍር ጠዋት ላይ ፎርኬላው ደርቆ ሊሰማ ይችላል።

መለዋወጫ የሚገኝባቸው ቦታዎች

የመጀመሪያው ምድብ ክፍሎች በዞኑ ከተሞች ባሉ የሞተር ብስክሌትና የባጃጅ መለዋወጫ ሱቆች ይፈለጋሉ። የሁለተኛው ምድብ በባሕር ዳር ከሚገኙ የብስክሌት ጠጋኞች ማግኘት ይቻላል። በአዲስ አበባ መርካቶ ሰፊ ምርጫ አለ፤ በዚያው የሚገኘው ምናለሽ ተራ ያገለገሉ ዕቃዎች የሚፈቱበትና የሚታደሱበት ቦታ በመሆኑ ይታወቃል። የሦስተኛው ምድብ ክፍሎች ብዙ ጊዜ የሚመጡት ከውጭ አገር ነው፤ በሰው እጅ ወይም በፖስታ። የተሳሳተ ልክ መመለስ አስቸጋሪ ስለሆነ ትእዛዙ ከመላኩ በፊት ልኩ ሁለት ጊዜ ተለክቶ ከክፍሉ ፎቶግራፍ ጋር መላክ አለበት።

ሌላው መንገድ ተመሳሳይ ሞዴል የሆኑ ሁለት ብስክሌቶችን ገዝቶ አንዱን ለመለዋወጫ ማዋል ነው። ልዩ ማያያዣ ላላቸው ብስክሌቶች ብዙውን ጊዜ የሚያዋጣው ይህ ነው።

ከመግዛት በፊት የሚደረግ ምርመራ

- ቴላዮው፦ በብየዳው ጠርዝ፣ በአሞርዛተሩ መያዣና በመቀመጫው ቱቦ ዙሪያ ስንጥቅ መኖሩ በጨርቅ ተጠርጎ ይታያል። ቀለም ላይ የሚታይ ቀጭን መስመር ሊናቅ አይገባም።
- የኋላ ክንዶች፦ ብስክሌቱ ቆሞ የኋላ ጎማው ወደ ጎን ሲወዘወዝ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ኩሽኔታ ወይም ቦኮላ አልቋል።
- አሞርዛተሩ፦ ዘንጉ የተቧጨረ፣ ዘይት የሚያፈስ ወይም ተጨምቆ የማይመለስ መሆኑ ይታያል። ርዝመቱና ምቱ ተለክቶ ይመዘገባል።
- የመቀመጫ ዘንግ፦ ስፋቱ (ለምሳሌ 27.2፣ 30.9 ወይም 31.6 ሚ.ሜ.) ተጽፎ ይያዛል፤ ከቱቦው ጋር ዝጎ ተጣብቆ እንደሆነም ይፈተናል።
- ፍሬኑ፦ መያዣው ተጨምቆ መሪውን እስኪነካ የሚሄድ መሆን የለበትም።

የተሰነጠቀ የአሉሚኒየም ቴላዮ በተራ ብየዳ ወደ ቀድሞ ጥንካሬው አይመለስም። እንደ 6061-ቲ6 ያሉ ቅይጦች ጥንካሬያቸውን የሚያገኙት በልዩ የሙቀት አያያዝ ነው፤ ብየዳው በዙሪያው ያለውን ብረት ያለሰልሰዋል። እንዲህ ያለው ብስክሌት ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ደህና መስሎ ቆይቶ በቁልቁለት ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ ቴላዮው የተሰነጠቀ ብስክሌት ለመንዳት ሳይሆን ለመለዋወጫ ብቻ ይገዛል። የብረት ቴላዮ ግን በሠለጠነ በያጅ እጅ ሊጠገን ይችላል።